ኮሮኮንች ብቻውን አሰልጣኝ አያወጣም

«ኃይሌን ያሰለጠነው ማስተርስ ነበረው እንዴ?» ስለ አሰልጣኞች ትምህርት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህች ጥያቄ ትወረወራለች። ጠያቂው መልስ አይጠብቅም፤ ጥያቄዋን እንደ መልስ ነው የሚጠቀምባት። ሳቅ ይከተላል፣ ጨዋታው ወደ ሰሞኑ ማራቶን ይዞራል፣ በስፖርት አሰልጣኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታው ወጣትም አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ይጨርሳል።

ጥያቄዋ ግን መልስ አላት። ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ በዓለም መድረክ ሲነግሡ ብሔራዊ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ ሆኖም ሮጬ አውቃለሁ ብለው ፊሽካ አንገታቸው ላይ አላንጠለጠሉም፣ ሀንጋሪ ሄደው ስፖርትን ተምረው ነው የተመለሱት። ከእሳቸው በፊት አበበ ቢቂላን ለሮም ያዘጋጁት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡና በትምህርት ሚኒስቴር የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን የመሩ ስዊድናዊ ነበሩ። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያገኟቸው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ሦስቱም ማስተርስ ነበራቸው አላልኩም። የ«ሜዳ ብቻ» ምስክር ተደርገው የሚጠሩት ሰዎች ከአንዴም ሦስቴ ከመማሪያ ክፍል የመጡ ሆነው ሲገኙ፣ ምስክር ቆጠራው ራሱ ችግር አለበት ነው የምለው።

ይህን የ«ሜዳ ብቻ» አስተሳሰብ የክለብ አመራሩም፣ የቀድሞው ሯጭም፣ ማናጀሩም፣ የስፖርት ጋዜጠኛውም ይጋራዋል። በጥሩ ጎኑ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦ ሩጫ ተፈጥሮ ነው። ከፍታው አለ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሮጥ ነው ያደገው፣ ጽናቱ ከኑሮው የመጣ ነው። አሰልጣኝ ሰዓት ይያዝ፣ ዲሲፕሊን ያስከብር፣ ይበቃዋል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሁለት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ከተፈጥሮው እንጀምር። ከፍታችን ከሲድኒ እስከ ፓሪስ ንቅንቅ አላለም። በቆጂ እ.ኤ.አ. በ2000 የነበረችበት ተራራ ላይ ናት። በዚያ ዓመት ከሲድኒ ኦሊምፒክ 8 ሜዳሊያ ይዘን ተመለስን፣ 4ቱ ወርቅ። ከቶኪዮ 4 ሜዳሊያ፣ አንዱ ወርቅ። ከፓሪስም 4 ሜዳሊያ፣ አንዱ ወርቅ። ለዚህ የፌዴሬሽን ሽኩቻውም፣ የቡድን ምርጫ ጭቅጭቁም፣ የጎዳና ውድድር ገንዘብ አትሌቱን ከመም መንጠቁም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በአሰልጣኝ ላይ አልደፈድፍም። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ያው ተፈጥሮ የምንለው ነው። ያልተለወጠ ነገር የለውጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ወንዶች 1500 ሜትርን ደግሞ ተመልከቱ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ብሪታኒያዊው ጄክ ዋይትማን፣ በ2023 በቡዳፔስት ስኮትላንዳዊው ጆሽ ኬር፣ በ2024 በፓሪስ አሜሪካዊው ኮል ሆከር። አራት ተከታታይ ትልልቅ ድሎች፣ አራቱም ከፍታ ላይ ተወልደው ላላደጉ ልጆች። እኛ ግን አሁንም «አየራችን» እያልን ነው።

ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ የሄደች ልጅ ናት። በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዳለች። ትዕግስት ያን ጊዜ በ2:11:53 የዓለም የሴቶች ማራቶን ፈጣን ሰዓት ባለቤት ነበረች፤ ለአቅሟ የሚቀርብ ጥያቄ የለም። ግን ክርክሩ በተፈጥሮ ከሆነ፣ የሁለቱም ዘር ከአንድ አገር ነው። ሦስቱ ሰከንድ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ሜዳ ያስተምራል» የሚለው አነጋገር ስህተት ነው ስል ሜዳው ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም፤ ስህተቱ ሜዳው የሚያሳየው የተረፉትን ብቻ መሆኑን መርሳቱ ነው። ጉዳት ደርሶበት ወደ አርሲ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ጎጃም የተመለሰው ልጅ ሰኞ ጠዋት ሱሉልታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ አይመሰክርም። አሰልጣኙ በየቀኑ የሚያየው ፕሮግራሙን ችሎ የተረፈውን ነው፣ ከዚያም ፕሮግራሜ ይሠራል ብሎ ይደመድማል። አንዱ በሳምንት ሦስት ከባድ ልምምድ ሠርቶ አውሮፓ ላይ ካሸነፈ ሃያ ዓመት ሙሉ ይወራለታል፤ በዚያው ፕሮግራም እግሩ የተሰነጠቀው የክፍል ጓደኛው በማን አፍ ይወራ? ትዝታ የሚመዘግበው አሸናፊን ነው። ልምድ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት የተጣራ ትዝታ ነው።

ሱሉልታ ላይ ማለዳ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ገና ሳይነጋ ሚኒባሱ ሯጮቹን ያራግፋል። ሃያና ሰላሳ ሰው በአንድ መስመር፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ኮሮኮንቹን ይይዘዋል። መካከላቸው ከጉዳት የተመለሰ ማራቶን ሯጭ አለ፣ ገና 10 ሺህ የጀመረች የ18 ዓመት ልጅ አለች፣ ለግማሽ ማራቶን አሯሯጭነት ውል ያገኘ አለ፣ ክለብ የሌለው በራሱ ወጪ የሚለማመድ አለ። ፕሮግራሙ ለሁሉም አንድ ነው። አሰልጣኙ ከመኪናው መስኮት ሰዓት እየጠራ ይከተላል፤ ሲያልቅ «ዛሬ ጥሩ ነው» ይላል፣ ሻይና ዳቦ ይቀርባል፣ ሰው ይበተናል። ማን ምን ያህል እንደሮጠ፣ ማን ከኋላ እንደቀረ፣ ማን ሌሊቱን እንዳልተኛ፣ የማን ጉልበት እንዳበጠ የተጻፈ ነገር የለም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንዱ «ኮንዲሽኔ ጠፋ» ሲል ምክንያቱን ፍለጋ የሚገለጥ ደብተር ስለሌለ፣ ወይ አመጋገቡ፣ ወይ አዋዋሉ፣ ወይ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል።

አሰልጣኙ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሯጮቹ ቀድሞ የሚነሳ፣ ከኪሱ የትራንስፖርት የሚሰጥ፣ ለልጆቹ እንደ አባት የሆነ ሰው ነው። እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የተመዘገበው እንዴት እንደሚነበብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሱን እምነት እንዴት እንደሚፈትን ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በአግባቡ ሲሰጥ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። የሰውነት ሥርዓትን፣ የእንቅስቃሴ መካኒክስን፣ የሥነ ልቦናን ኮርስ ሰው ከመጽሐፍም ሊያገኘው ይችላል፤ በኢንተርኔት ሞልቷል። በመጽሐፍ የማይገኘው፣ ያመነበትን ፕሮግራም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይህ ካልሠራ በምን አውቃለሁ?» ብሎ እንዲጽፍ መገደዱ ነው፤ ከዚያም የሚሞግተው አማካሪና ፈታኝ ፊት መቆሙ። በሜዳ ላይ አሰልጣኝን የሚሞግት የለም። አትሌቱ አይደፍርም፣ ረዳቱ እንጀራውን ይፈራል፣ ማናጀሩ የሚያየው ሰዓቱን ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ጠለቅ ብዬ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቤንጃሚን ሌቪንና ጂም ስትሬይ-ጋንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሯጮችን በቡድን ከፍለው አንዱን ቡድን በ2,500 ሜትር ከፍታ እያሳደሩ በ1,250 ሜትር እንዲለማመድ አደረጉ። ያ ቡድን 5 ሺህ ሜትርን በአማካይ በ13 ሰከንድ ገደማ አሻሻለ። ከፍታ ላይ ማደሩ ቀይ የደም ሴልን ያበዛል፤ ዝቅ ብሎ መለማመዱ ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያገኝ እግሩ እውነተኛውን ፍጥነት እንዳይረሳ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ «ከፍታ ላይ እደር፣ ዝቅታ ላይ ሥራ» የዓለም አሰልጣኞች ሕግ ሆነ። የኛ አሰልጣኞችም ጥናቱን ሳያነቡ በልምድ ወደዚያው ደርሰዋል፦ ኢዚውን እንጦጦ ጫካ፣ ሎንጉን ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ፣ ስፒዱን ዝቅ ብሎ አቃቂ። እዚህ ላይ የሜዳው ሰው ባርኔጣ ይነሳለታል።

ግን እዚያው ቆመ። የሌቪን ሯጮች ከዝቅታ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው። በ2,800 ሜትር አካባቢ ተወልዶ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ሮጦ ላደገ ልጅ አቃቂ በቂ ዝቅታ ነው? ወይስ በሳምንት አንድ ቀን እስከ 1,600 ሜትር፣ አዳማ ድረስ፣ ቢወርድ ይጠቅመዋል? ሙቀቱስ? በኮስተር የመንገዱ ድካምና ወጪስ ጥቅሙን አይበላውም? ከውድድር በፊት ስንት ቀን ቀድሞ ይውረድ? እነዚህን የትኛውም የአውሮፓ ላብራቶሪ አይመልስልንም፣ ምክንያቱም ሰዎቹ እዚያ የሉም። መልሱ ያለው እዚሁ፣ አሥራ ሁለት ሯጮች፣ አንድ ስቶፕ ዎች፣ ደብተርና ሁለቱን ቦታ እያፈራረቀ ማወዳደር የሚያውቅ አሰልጣኝ ዘንድ ነው። ይህ አንድ የማስተርስ ጥናት ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስድስቱ ልጆች በዚህ ሳምንት አቃቂ፣ ስድስቱ አዳማ፣ ከዚያ ተቀያየሩ ብሎ መወሰንና ውጤቱ ከጠበቁት በተቃራኒ ቢመጣ አለመደበቅ ነው።

ሌላው ስለ ሴት ሯጮች ነው፤ ይህን ስጽፍ ቀዝቀዝ ብዬ መጻፍ ያቅተኛል። ልጅቱ ትከሳለች፣ ሰዓቷ ይሻሻላል፣ የወር አበባዋ ይቀራል። በብዙ ካምፖች ይህ እንደ ጥሩ ምልክት ይወሰዳል፤ «ኮንዲሽን ውስጥ ገባች» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ለዚህ ሁኔታ ስም ሰጥተው አብራሩት፦ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት የሚያገኘው ሲያንስ ቁጠባ ይጀምራል፣ መጀመሪያ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ የመራቢያ ሥርዓት ነው፣ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ያች «ኮንዲሽን ውስጥ የገባች» ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ የቅልጥም አጥንቷ ሲሰነጠቅ ሁሉም ይገረማል። አሰልጣኙ ወንድ ነው፣ እሷ አትነግረውም፣ እሱም መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ይህን እንዲያውቅና እንዲጠይቅ የሚያደርገው ስንት ዓመት ኮሮኮንች ላይ መቆሙ ነው? ሠላሳ ዓመት ቆሞም ላያውቀው ይችላል። አንድ ኮርስ ውስጥ ግን ያገኘዋል፣ ቢያንስ ሊያገኘው ይገባል። ጡረታ የወጡ ሴት አትሌቶቻችን በዚህ ትምህርት ቢያልፉ ደግሞ ያች ልጅ የምትነግረው ሰው ይኖራት ነበር፤ አሁን ባለው አሠራር ግን አሰልጣኝነት የሚገኘው በትውውቅ ስለሆነና ትውውቁም የወንዶች ስለሆነ በሩ አይከፈትላቸውም።

የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ማስረጃ መሸሽ አያስፈልግም። አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ኬንያ፣ ኢተን፣ ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ሲገቡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ስለ ሩጫ ሥልጠና አልተማሩም። በኋላ ዴቪድ ሩዲሻን ያህል ሰው አሰልጥነው በለንደን 800 ሜትር በ1:40.91 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰበር አዩ። በአውሮፓ ደግሞ የኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች አባት ጃርት ያለ አንዳች የአሰልጣኝነት ትምህርት ሦስት ልጆቻቸውን የአውሮፓ ሻምፒዮን አድርገዋል። ይኸው፣ ማስተርስ የት አለ?

እሺ። ግን ጠጋ ብለን እንያቸው። ብራዘር ኮልም ኢተን ሲደርሱ እዚያ ያገኙት ፒተር ፎስተር የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ነው፤ የታዋቂው ሯጭ የብሬንዳን ፎስተር ወንድም። ከእሱ ተማሩ፣ ከዚያም በአንድ ትምህርት ቤት ዐሥርት ዓመታትን ቆዩ። ጃርትም የተከተሉት መንገድ ከሰማይ አልወረደላቸውም። ያ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሠራው የተቆጠበ ኢንተርቫል የተፈተሸው በማሪየስ ባከን ነው፤ ባከን የኖርዌይ የ5 ሺህ ሜትር ሯጭና ሐኪም ሲሆን ከራሱ ጣት ደም እየቀዳ የላክቲክ አሲድ መጠኑን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ለክቶ ጽፏል። የጃርት ቤተሰብ የተጠቀመው የተለካና የተጻፈ እውቀት ነው። የሚያሳዝነው ባከን ስለ ዘዴው ሲጽፍ ከኬንያውያን ልምምድ የተማረውንም ማንሳቱ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ሠርታ ያሳየችውን ኖርዌይ ለክታ ጻፈችው፣ አሁን እኛ ከኖርዌይ እየተረጎምን ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቹ ከግላስጎ መጥተው የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች አመጣጥ አጠኑ፤ ማራቶን ሯጮቹ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸውን፣ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ማይክል ክራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሰው ጥናት ተማሪ አዲስ አበባ መጥቶ ከሯጮቻችን ጋር በየማለዳው እየሮጠ ከረመ፤ ከዚያ ዶክትሬቱን ያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 «አውት ኦፍ ቲን ኤር» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ደግሞ የሚሟገተው የኢትዮጵያውያን ሩጫ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ነው። እኛ በቡና ቤት የምንስቅበትን ጉዳይ የባዕድ አገር ሰው በዶክትሬት ደረጃ ጻፈው። ሰዎቹን አልወቅስም፤ መጥተው፣ ሮጠው፣ ደክመው ነው። የኛው አሰልጣኝ ግን በየቀኑ እዚያው ቆሞ ሳለ ለእነሱ ጥናት ቀጠሮ አስያዥ ሆኖ መቅረቱ ያበሳጫል።

በእግር ኳሱ በኩል ክርክሩ ሌላ መልክ አለው፤ «የካፍ ላይሰንስ ካለኝ ማስተርስ ለምን?» ይባላል። ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ካፍ በአህጉራዊ ውድድር ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ዋና አሰልጣኝ የሚጠይቀው እሱን ነው። ነገር ግን የላይሰንስ ኮርስ በሳምንታት የሚሰጥ፣ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከላይሰንስ አልፈው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ አሰልጣኞች አሉ። ጆዜ ሞሪንሆ ተጫዋች ሆኖ ስሙ ያልተነሳ፣ ሊዝበን ላይ የስፖርት ሳይንስ የተማረ፣ የአካል ማጎልመሻ ያስተማረ ሰው ነው። ግራሃም ፖተር በሊድስ በአመራርና በስሜት ብልህነት ማስተርሱን ይዞ በስዊድን አራተኛ ዲቪዚዮን የነበረውን ኦስተርሹንድስን ተረከበ፣ ወደ ላይኛው ሊግ አወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ዋንጫን አስወሰደው፣ በ2018 ለንደን ላይ አርሰናልን 2 ለ 1 አሸነፈ። ያው ፖተር በቼልሲ ሰባት ወር ሳይሞላው ተባረረ። ዲግሪ ከስንብት አያድንም፤ ያድናል ብሎም የተከራከረ የለም።

እስካሁን የተናገርኩት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ደስ ካሰኘ ቀጥሎ ያለውን አብረው ይስሙ። የማስተርስ ተማሪው በሜዳው ሰው ዘንድ የሚናቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በስፖርት ሳይንስ ክፍሎች መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን የመመረቂያ ጥናቶች ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፦ በእንትን ከተማ የታዳጊ ቡድኖች ሥልጠና ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች። ዘዴው መጠይቅ ነው። «የሜዳ እጥረት አለ፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም…» አሰልጣኞች ይሞላሉ፣ ተጫዋቾች ይሞላሉ፣ ኮምፒውተር መቶኛ ያወጣል። ድምዳሜው ሜዳ የለም፣ ኳስ የለም፣ በጀት የለም። ይህን የስታዲየም በር ጠባቂውም ያለ መጠይቅ ይነግርሃል። በሁለት ዓመት ትምህርት አንድም ቀን አንድ አትሌት ሰዓት ሳይያዝለት፣ አንድ የልምምድ ዕቅድ ሳይፈተን የሚመረቅ የአሰልጣኝነት ማስተርስ አለ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ሦስት ፈታኞች ያነቡታል፣ ይቆለፍበታል። ተመራቂው የደረጃ ዕድገቱን ያገኛል። ልክ ነው፣ ይህ ወረቀት ነው።

ግን እዚህ ላይ የሜዳው ሰዎች አንድ ነገር ይዘልላሉ። ትምህርቱ ሳይሠራ ቀርቶ ከሆነ መልሱ እንዲሠራ ማድረግ ነው እንጂ ሳይማሩ መቅረትን ጥበብ ማድረግ አይደለም። ብዙ ካምፖች ፕሮግራማቸው እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ታዲያ ልምምድ ይቅር ያለ አለ? መጠይቁን ወደ ስቶፕ ዎች የሚቀይረውም ሌላ ማንም ሳይሆን ከሜዳ መጥቶ ክፍል የሚገባው አሰልጣኝ ነው፤ አማካሪው «መጠይቅ አዘጋጅ» ሲለው «እኔ ሃያ አራት ልጆች አሉኝ፣ ለምን እነሱን አልለካም?» ብሎ መልስ መስጠት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። አሰልጣኞች ከዩኒቨርሲቲው በራቁ ቁጥር ክፍሉ አሰልጥነው በማያውቁ ሰዎች ይሞላል፣ ጥናቱ ይበልጥ መጠይቅ ይሆናል፣ ንቀቱም ይጨምራል። ንቀቱ የሚንቀውን ነገር ራሱ እያመረተ ነው።

ስለዚህ ለሚያመነታው ወጣት የምለው ግልጽ ነው፤ ግባ፣ ነገር ግን አትሌቶችህን ይዘህ ግባ። ሥራህን ትተህ ሁለት ዓመት ካምፓስ ውስጥ የምትቀመጥበት ፕሮግራም ከሆነ ይቅርብህ፤ የቅዳሜና እሁድ ወይም የክረምት መርሐ ግብር ፈልግ። ከመመዝገብህ በፊት አማካሪ የሚሆንህን ሰው ሄደህ አናግረው፤ በራሴ ቡድን ላይ ሙከራ መሥራት እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቀው፣ አይቻልም ካለህ ሌላ በር አንኳኳ። የስታቲስቲክስ ኮርሱን እንደ ቅጣት አትየው፤ ከኮርሶቹ ሁሉ በሜዳ ላይ የሚጠቅምህ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም አንዱ ልጅ በአጋጣሚ ነው የተሻሻለው ወይስ በፕሮግራምህ የሚለውን የሚለይልህ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ተማሪ ሲቀበሉ ከመግቢያ ፈተናው ጋር የአንድ የውድድር ዘመን የልምምድ መዝገብ ይጠይቁ። ጥናቱ ሲያልቅም ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ለክለቦችና ለማሰልጠኛ ማዕከላት ይላክ፤ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል ያለው አሰልጣኝ አዲስ አበባ ላይ የተገኘውን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መምጣት የለበትም።

ክለቦች አሰልጣኝ ሲቀጥሩ የሚጠይቁት እስካሁን ሁለት ነገር ነው፦ ማንን አሰለጠንክ፣ ምን አሸነፍክ። ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመር፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከእጅህ ስንት ልጆች አቆሙ፣ ምን ሆነው፣ የተጻፈው የት አለ? ይህን መዝገብ ማቅረብ ያልቻለ፣ ሃያ ዓመት ኮሮኮንች ላይ የቆመ ይሁን ማስተርሱን በፍሬም ሰቅሎ የመጣ፣ ለሁለቱም በሩ አንድ ነው፤ የመጡበት።